ለመጀመሪያው እምቢታ የዘፈንኩት

ከሰበታ ወደ ከተማ ታክሲ ስሳፈር ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ አወርድና የመጨረሻው ወንበር ጥግ ላይ እሸጎጣለሁ። አይጠቅመኝም። ወይ ሾፌሩ ያውቀኛል፣ ወይ ረዳቱ ያውቀኛል፣ ወይ አንዲት በሕይወቴ አይቻት የማላውቅ ሴትዮ ዘወር ብላ «አንተ፣ ያ ልጅ አይደለህም እንዴ?» ትለኛለች። ከዚያ ሾፌሩ ፍላሹን መጎርጎር ይጀምራል። ቢቱ ይገባል። ከሦስት ዓመት በፊት በንዴት የጮህኩት የገዛ ድምፄ ጆሮዬ ስር ካለው ስፒከር ይለቀቅብኛል። ሚኒባሱ ሙሉ ሰውም በአንድ አፍ «ሂን ታኡ!» ብሎ ይቀበለዋል። እኔ መስኮት መስኮቱን አያለሁ። ወራጅ አለ ብዬ እንዳልወርድ ደግሞ ገና አለምገናን አላለፍንም።

ሂን ታኡ በኦሮምኛ አይሆንም ማለት ነው። እኛ አካባቢ ይህን ለሰው መተርጎም ነውር ነው፤ ግን የተረጎምኩት ዘፈኑ እኛን ከማያውቅ ሰው ዘንድ ሁሉ ስለደረሰ ነው። እንኳን ደስ አለህ ይሉኛል። ሂት ሠራህ ይሉኛል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ዘፈን ከሰው ስልክና ከሰው አፍ የሚለቀም ነገር ቢሆን ኖሮ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ በእግሬ እየዞርኩ እለቅመው ነበር።

እኔ ቁጡ ሰው ነኝ። እናቴ «አንተን ያረገዝኩ ጊዜ በርበሬ ሳልደልዝ የዋልኩበት ቀን የለም» ትላለች። ሰበታ ውስጥ ትንሽ ሱቅ አለችኝ፤ ሞባይል እጠግናለሁ፣ ለሚፈልግ ሰው ፍላሽና ሚሞሪ ላይ ዘፈን እጭናለሁ። ሱቁን ስዘጋ ደግሞ ራፐር ነኝ። ያኔ ራፐርነቴን የሚያውቁት እናቴ፣ ፉሪ ላይ ቢት የሚሠራልኝ ጓደኛዬና እሷ ብቻ ነበሩ።

እሷን ያወቅኳት ሰበታ ኮሌጅ ስትማር ነው። ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ ይዛ መጣች። ቀየርኩላት። በሳምንቱ ቻርጅ አልቀበል አለኝ ብላ መጣች። ሠራሁላት። እንደገና መጣች። «አንተ ሆን ብለህ ነው እንዴ ግማሽ ግማሹን የምትሠራው?» አለችኝ። ሆን ብዬ አልነበረም፤ ግን ሆን ብዬ ነው አልኳት። ሳቀች፣ አለቀልኝ። ተመርቃ አገሯ ቡራዩ አስተማሪ ሆና ከተቀጠረች በኋላ እንኳ በየሳምንቱ እንገናኝ ነበር። ወደድኳት። እስከ ዛሬም ሌላ ቃል አላገኘሁለትም።

አባቷ ቡራዩ ተወልደው ቡራዩ ያረጁ ገበሬ ናቸው። ከተማው እየሰፋ መሬታቸው ግቢያቸው ድረስ ቢጠብባቸውም ሁለት የወተት ላሞች አሉዋቸው፤ የእድር ሰብሳቢም ናቸው። ሰው ሲጣላ የሚጠራው እሳቸውን ነው። እኔ አንድም ቀን በቅርብ አይቻቸው አላውቅም ነበር። በወጉ ሽማግሌ ሳልልክ ደጃፋቸው ብታይ ለእሷ ስድብ ነው፤ ስለዚህ ላክሁ።

ሦስት ሽማግሌዎች እሑድ ከቤተክርስቲያን መልስ ሄዱ። መሪያቸው የአባቴ ታላቅ ወንድም ነበሩ፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ አባት የሆኑኝ የፉሪ ገበሬ። እኔ እናቴ ቤት ሆኜ ቁጭ ብድግ ስል ዋልኩ። እናቴ «ወለሉን ጨረስከው እኮ፣ ተቀመጥ!» እያለች ትቆጣለች። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አጎቴ ብቻቸውን መጡ።

«እህስ አባባ፣ ምን አሉ?»

«መጀመሪያ ተቀመጥ።»

«ይንገሩኝ እንጂ!»

«በሩ ላይ ቆመን ጉዳያችንን ተናገርን። ሰውየው ላሙን እያየ ሰማን። ስንጨርስ፣ ልጄ ገና ልጅ ናት አለ። እናንተንም አላውቃችሁም አለ። ሂን ታኡ አለ።»

ይህን ሲሉ ፈገግ ብለው ነበር። ያ ፈገግታ ነው ያበገነኝ። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው! ስልሳ ሕፃን ፊደል የምታስቆጥር ሴት ገና ልጅ ናት? እኛስ ከየት የመጣን ነን የማንታወቀው? አጎቴ «ቆይ እንጂ፣ አልጨረስኩም» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። መስማቱንማ ሰምቻለሁ። በሩን ወርውሬው ወጣሁ፤ እሷም ብትደውል እንዳታገኘኝ ስልኬን ዘጋሁት።

እዚህ ላይ የሚታዘበኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። ሽማግሌ ሁለቴ ሦስቴ መመላለሱን፣ የመጀመሪያው ቀን እምቢታ ወግ መሆኑን የማያውቅ ያበሻ ልጅ አለ? የለም። እኔም አውቅ ነበር። ሌላ ሰው ላይ ሲሆን አውቅ ነበር፤ የሌላውን ሽማግሌ ሲመልሱት «ይሄማ ወጉ ነው» ብዬ አጽናንቼ አውቃለሁ። በራሴ ሲመጣ ግን ሁሉም ነገር ከጭንቅላቴ ጠፋ፤ የቀረኝ ሰውየው ላሙን እያየ መስማቱ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት ፉሪ ሄድኩ። ጓደኛዬ ያላለቀ ፎቅ ቤት ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ስቱዲዮ አድርጓታል፤ ግድግዳው በእንቁላል ትሪ ተለብጧል፣ በሩ ላይ ሁለት ብርድ ልብስ ተሰቅሏል። ጎረቤት ደግሞ ሌላ ቤት እየተገነባ ስለሆነ የሲሚንቶ ማቡኪያው ሲጮህ መቅዳት አይቻልም፤ ማቡኪያው ዝም ሲል መብራት ይሄዳል። ግጥሙን ታክሲ ውስጥ ወረቀት ላይ ጽፌ ጨርሼ ነበር። እንዲህ ይላል፦

ስልሳ ልጅ ፊደል ታስቆጥራለች፣
አባቷ ቤት ግን ገና ልጅ ነች።
ሦስት ሽማግሌ በሩ ላይ ቆሞ፣
ላሙን ያያል እንጂ መች ሰማ ደግሞ።
ቡራዩ ነው ቤቱ፣ ሰማያዊ ነው በሩ፣
ከሽማግሌ ይልቅ ለላም ነው ክብሩ።

በሩን ለምን ጨመርኩት? ቤት ለመምታት። ሌላ ምክንያት የለኝም። «ክብሩ» የሚለውን ወድጄው ነበር፤ ከላይ የሚገጥምለት አጣሁና እሷ በፎቶ ካሳየችኝ ነገር ሁሉ ሰማያዊው በር ትዝ አለኝ። ለአባቷም አንቱታ አልሰጠኋቸውም። አንቱታው ይረዝምና ቢቱ ላይ አይቀመጥም። የሰው አባት በቢት ምክንያት «አንተ» አልኩ።

ጓደኛዬ ግጥሙን አነበበና አንገቱን ነቀነቀ። «ይሄን ነገር ትንሽ አሳድረው» አለኝ።

«ከቀዘቀዘማ ምን ዋጋ አለው? ቅዳው።»

ቀዳው። ግን አዝማቹ ላይ የሁለታችን ድምፅ ቀጠነ። ሂን ታኡ የሚለው በብዙ ሰው ካልተጮኸ ቀልድ ሆኖ ይቀራል። ጓደኛዬ መስኮት ከፍቶ ጎረቤት ሲሚንቶ የሚያቦኩትን የቀን ሠራተኞች ጠራቸው። ስድስት ሆነው ከነአቧራቸው ገቡ። እኔ «ልጅህን ስጠኝ ብለው» ስል እናንተ «ሂን ታኡ!» በሉ አልናቸው። የመጀመሪያውን ጮኹ፤ ሁለተኛው ላይ አንደኛው ሳቁ አመለጠው፤ ሦስተኛው ላይ ስድስቱም እየተንፈቀፈቁ ነበር። ጓደኛዬ ሳቁን ሊቆርጠው ነበር። «ተወው!» አልኩት። ዛሬ ሰው ሁሉ የሚወድለት ያንን ሳቅ ነው። እኔ እያለቀስኩ ነው የሠራሁት ብል ማን ያምነኛል?

ማክሰኞ ዘፈኑን ኢንተርኔት ላይ ጫንኩት። ይሄም አልበቃኝ። ሱቄ የሚመጣው ግማሹ ደንበኛ የታክሲ ሾፌር ነው፤ አዳዲስ ዘፈን ጫንልኝ ብሎ ፍላሹን ጥሎልኝ ሻይ ሊጠጣ ይሄዳል። እኔ ሳይጠይቁኝ የራሴን ዘፈን በእያንዳንዱ ፍላሽ ላይ አንደኛ አደረግኩት። ፍላሹ ሲሰካ ከሁሉ በፊት እኔ እንድጮህ። የሰበታ መስመር፣ የቡራዩ መስመር፣ በሰሜን ደግሞ እንጦጦን ተሻግሮ የሱሉልታ መስመር። አርብ ዕለት ሱቄ በር ላይ ቆሜ በአንድ ጊዜ ሦስት ታክሲ ውስጥ ሰማሁት። ደስ አለኝ። ዋሽቼ ምን አገኛለሁ፤ ደረቴ ሊፈነዳ ደረሰ።

ያን ቀን ስልኬን ከፈትኩት። መልእክቱ እንደ ጎርፍ ነው የገባው። ገደልከው ይላል አንዱ፣ አነደድከው ይላል ሌላው፣ ከእኔ ጋር አስረኛ ክፍል የተማረ ሁሉ ቁጥሬን ከየት እንዳመጣው እንጃ። ከላይ ወደ ታች እያንዳንዱን እያነበብኩ፣ ለእያንዳንዱ እያመሰገንኩ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ተንቀባረርኩ። የእሷ ከሁሉም በታች ነበር። እሑድ ነው የላከችው፤ ሽማግሌዎቹ ከቤቷ እንደወጡ።

«አባቴ አጎትህን በጣም ወዷቸዋል። ሲሸኛቸው እየሳቀ ነበር። እማዬ ከአሁኑ ሠርጉ ስንት ሰው ይይዛል ትላለች፣ አስቀችኝ። ስልክህ ለምን አይሰራም?»

ከሥሩ ሰኞ የላከችው ነበር፤ «ምነው፣ ደህና ነህ?» ይላል። ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

ሱቁን ክፍቱን ትቼ ፉሪ አጎቴ ቤት ሄድኩ። ጓሮ ሽንኩርት ይኮተኩቱ ነበር። ዘፈኑን ሰምተውታል፤ ከፊታቸው አወቅኩ። «አካም ነጉማ» ብዬ ሰላም ስላቸው «ነጋ» ብለው መለሱና ዶማውን አስደግፈው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«አሁን ልጨርስልህ?» አሉኝ።

«ይጨርሱልኝ» አልኩ።

«ሂን ታኡ ካለን በኋላ ግቡ አለን። ግብዣ አይደለም፣ ትእዛዝ ነው። አስቀመጠን። ፋርሶ በገንቦ አስወጣ። እምቢ ሊል ያሰበ ሰው ከበር ይመልስሃል እንጂ ጠላውን ያጠጣሃል? አስፋልት ድረስ ሸኘን። በሁለት ሳምንት ተመለሱ፣ ወንድሞቼን ልሰብስብ አለን። አንተ ልጅ፣ ስማኝ። መጀመሪያ ቀን እሺ የሚል አባት ልጁን የጠላ አባት ነው። እናትህን ለአባትህ ስንጠይቅ እኮ አራት ጊዜ ነው የተመላለስነው። በአራተኛው ጫማዬ አልቆ ነበር።»

«አባባ፣ ምን ላድርግ?»

«እኔ ምን አውቅልሃለሁ» አሉ። ተነሥተው ኩትኳቷቸውን ቀጠሉ።

እሷ በስልክ አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ እንዴት ደስ ባለኝ! ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል፣ ሰልፍ ላይ፣ አራተኛ ክፍሎች «ቲቸር! ሂን ታኡ!» ማለታቸውን ነገረችኝ። ርእሰ መምህሩ ሳይቀር ፊቱን አዙሮ መሳቁን ነገረችኝ። «በሩን ምን አደረገህ?» አለችኝ። «እኔን ስደበኝ፣ አባቴንም ስደበው እሺ፤ በሩን ለምን ነገርካቸው?» ቤት ለመምታት ነው ልበላት? «አጥፋው» ብላ ዘጋችው።

ያኑ ሰዓት ከገጼ ላይ አጠፋሁት። ለካ ቀድመው ወስደውታል። የማላውቃቸው ሦስት ገጾች ላይ አገኘሁት፤ እኔ ካጠፋሁት በኋላ ደግሞ «የተከለከለው ዘፈን» ብለው ጻፉበት። የተከለከለ ተብሎ ሳይሰማ የሚቀር ነገር ያለ ይመስል! ታክሲ ተራ ወርጄ ሾፌሮቹን ፍላሻችሁን ስጡኝ፣ ላጥፋላችሁ ብዬ ለመንኩ። አንዱ አፍጥጦ አየኝና «በገዛ እጅህ ጭነህብን ስታበቃ! ምን ነካህ?» አለኝ። ለአሥር ያህሉ አጠፋሁላቸው። በነጋታው አጠገቤ ካለው ሱቅ አስጭነው በፊቴ እየነፉት አለፉ።

ቡራዩ ላይ የሆነውን ቁርጥራጭ ቁርጥራጩን ነው የሰማሁት። ወጣቶች በሩ ፊት ለፊት ቆመው በስልክ ይቀረጻሉ፤ አንዱ ሽማግሌ ይሆናል፣ አንዱ ላም ይሆናል፣ አንዱ ላሙን የሚያይ አባት ይሆናል። አባቷ በሩን አረንጓዴ ቀለም ቀቡት። ሲቀቡ ተቀረጹ። ላሞቹን ከፊት ግቢ ወደ ጓሮ አዛወሯቸው። እድሩ ላይ ስለ ድንኳኑ እየተናገሩ፣ ከኋላ አንዱ ሳል አስመስሎ «ሂን ታኡ» አለ። ሰው ሊሳቅ አይገባም ብሎ ታገለ፤ አልቻለም። እሳቸው ቁጭ አሉ። በሚቀጥለው ወር የሰብሳቢነቱን ማኅተም ለጸሐፊው ላኩለት። ስማቸውን የሚያውቅ ጎረቤት እንኳ በሌሉበት «ኦቦ ሂን ታኡ»፣ አቶ አይሆንም፣ ይላቸው ጀመር።

ሄጄ እግራቸው ላይ ልውደቅ አልኩ። በድሮው ወግ ድንጋይ ተሸክሜ፣ አንገቴን ደፍቼ። አጎቴ ሊመቱኝ ምንም አልቀራቸው። «አንተ ድንጋይ ተሸክመህ ቡራዩ ብትታይ ሰፈሩ ስልኩን ይዞ አይወጣም? ሰውየውን ሁለተኛ ዘፈን ልታደርገው ነው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ይቅርታ እንኳ መጠየቂያ መንገድ አልነበረኝም፤ የትም ብሄድ ዘፈኑ ቀድሞኝ ይደርሳል።

ሱሉልታ አንድ ዝግጅት ላይ ጠሩኝ። ቀን ነው፣ ሜዳ ላይ፤ አትሌቶች ልምምዳቸውን ጨርሰው ከነቱታቸው አጥሩ ሥር ተደርድረዋል። ሌላ ሥራ እንዳለኝ ላሳያቸው ብዬ ነው የሄድኩት። ስለ ኮዬ ፈጬ አውቶቡስ ሰልፍ የጻፍኩትን ዘፈን ጀመርኩ፤ ከሠራሁት ሁሉ እሱን ነው የምወደው። አንድ ስንኝ እንደሄድኩ «ሂን ታኡ! ሂን ታኡ!» ተነሣ። እሺ ብዬ ገባሁበት፤ በሩ ጋ ስደርስ ግን ቃሉን ቀየርኩት፣ ቡራዩንም ሰማያዊውንም አወጣሁት። ሕዝቡ እኔን ትቶ ትክክለኛውን ዘፈነ። «ቡራዩ ነው ቤቱ!» ብሎ ጮኸብኝ፤ የተሳሳትኩ መስሎት አስታወሰኝ። ማይኩን ወደ ታች አድርጌ ቆምኩ። ዘፈኑ እስከ መጨረሻው ያለ እኔ ሄደ።

በዚህ መሀል አጎቴ አንድ ቀን ሱቄ እየተቆጡ ገቡ። ለሌላ ሰው ልጅ ለሽምግልና ሄደው ነበር፤ እዚሁ ሰበታ። «ጫማችንን ሳናራግፍ እሺ አለን!» አሉ። «ገና ሰላም እያልነው! ምነው ሰውዬ ብለው፣ እምቢ ብል ዘፈን ይወጣብኛል አለኝ። ልጅቱ ጓዳ ታለቅሳለች፤ አባቴ እስከዚህ ጠልቶኛል እንዴ ብላ። ይሄ እንግዲህ ያንተ ሥራ ነው።» አልፎ አልፎ እንዲህ ያለ ሌላም ሰማሁ። አባቶች ዘፋኙ የቤቴን በር ይጠቅስብኛል ብለው እየፈሩ ልጃቸውን በአንድ ቃል ይሰጣሉ። በእኔ ዘፈን ስንቱ አገባ!

እኔና እሷ አልተለያየንም። ይሄን ሰው አያምነኝም። ስምንት ወር ሙሉ፣ እኔ ኮፍያ አድርጌ፣ እሷ ነጠላዋን ተከናንባ፣ እንደ ሌባ በየታክሲው ተገናኘን። ዘፈኑ ሲከፈት ሁለታችንም አንተያይም፤ እጄን ብቻ ትይዘኛለች። «ይብረድ» ትለኝ ነበር። «አባቴ ቂመኛ አይደለም። በወጉ ተመልሰው ከመጡ፣ በወጉ ተከራክሮ፣ በወጉ ይሰጥሃል። ክርክሩን ብቻ እንዳትነሱት። ክርክሩን ይወደዋል።» እኔ ሁሉን ተስፋዬን እዚያ ላይ ጣልኩት። አባቷ እነዚያን ሽማግሌዎች እንደ ልባቸው እንዲመልሷቸው፣ ሦስቴም አሥሬም እንዲያመላልሷቸው ተመኘሁ። እምቢታቸውን እንደ ዳቦ ራብኩት።

ከፋሲካ በኋላ ሄዱ። ለማንም እንዳይነገር ተባብለን ነበር፤ ግን ሦስት ሽማግሌ ጋቢ ለብሰው በዚያ ሰፈር ሲያልፉ ማን ዝም ብሎ ያሳልፋቸዋል? አጎቴ ኋላ እንደነገሩኝ፣ በሩ ጋ ሲደርሱ ልጆች ከኋላቸው ተከትለዋል። አንዱ ስፒከር ይዟል። ስልኮች ወጥተዋል። ሽማግሌዎቹ ወደ ግቢ ሲገቡ ውጭ ዘፈኑ ተከፈተ።

እኛ ሰበታ ቤት ውስጥ እየጠበቅን ነው። ስምንት ሰዓት ሳይሞላ አጎቴ መጡ። እንደቆሙ፣ ከዘራቸውን ሳያስቀምጡ፣ «አባቷ እሺ ብሏል» አሉ።

እናቴ ተነሥታ እልልታዋን ለቀቀችው። አጎቴ እጃቸውን አነሡ።

«ተይ፣ እልል አትበይ። ልጅቱ እምቢ ብላለች።»

በዚህ ጊዜ ግን ተቀመጥ አላሉኝም፤ ራሴ ተቀመጥኩ፣ እስኪጨርሱም ከቦታዬ አልተነሣሁም። አባቷ ግቢ ውስጥ፣ ቤቱ ደጃፍ ላይ ነበር የተቀበሏቸው። አጎቴ ተዘጋጅተውበት የነበረውን ንግግር ገና ሲጀምሩ፣ አባቷ መሬት መሬቱን እያዩ «ውሰዷት» አሉ። ከውጭ የልጆቹ ጩኸት ይሰማል። «ግቡ አላለንም» አሉ አጎቴ። «እንድንገባም አልፈለግንም። ከዘራዬን የት ላድርገው አጣሁ። ኦቦ፣ በወጉ ተከራከሩን እንጂ፣ እምቢ በሉን እንጂ ብዬ ለመንኩት። አንድ ሽማግሌ እምቢ በሉኝ ብሎ ሲለምን ሰምተህ ታውቃለህ? 'በቃኝ፣ ውሰዷት፣ ብቻ እነዚያን ልጆች ከበሬ አንሡልኝ' አለን። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያን ጊዜ ልጅቱ ከጓዳ ወጣች። ሴት ልጅ ሽማግሌ ፊት ስትወጣ ዕድሜዬን ሙሉ አላየሁም። የአባቷን እጅ ያዘችና 'እኔ አላገባውም፣ ይህን ንገሩት' አለችን።»

ደወልኩላት። ስልኩን ታነሣለች ብዬ አላሰብኩም፤ በመጀመሪያው ጥሪ አነሣች። ልታለቅስ ነው ብዬ ጠበቅኩ፤ ክፍል ውስጥ እንደምታስተምር ሆና ነው የተናገረችው።

«አባቴ ለሰው አቀርቅሮ አይቼው አላውቅም። ዛሬ አየሁት። እኔን ሲሰጥ ነው ያቀረቀረው።»

«እኔ እኮ እንዲህ እንዲሆን…»

«አውቃለሁ። እንደምትወደኝም አውቃለሁ። ግን እሺ ብዬህ ብገባ፣ በየቀኑ ማታ ፊትህን ሳይ ያን እጁን ነው የማየው። ያኔ አባቴ የመለሰላችሁ እምቢ አልነበረም። ይሄ የኔ ግን እምቢ ነው። እንዳትመላለስ። ሽማግሌም እንዳትልክ።»

መስመሩ ተዘጋ። አጎቴ አንገታቸውን ደፍተው የጋቢያቸውን ጫፍ ይጠቀልላሉ። እናቴ ለእልልታው ያወለቀችውን ነጠላ መልሳ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች።

«ምን አለችህ?» አለችኝ።

«እምቢ አለችኝ።»

እናቴ ፊቴን አየችኝ። ቁጣዋን ጠብቄ ነበር፤ ቁጣ አልነበረባትም፣ ድምፅዋ ከወትሮው ይልቅ ዝቅ ያለ ነበር።

«በል እንግዲህ» አለች፣ «በዚህም ዝፈንበት።»